ሕፃኑ በመቀመጫው ሲመጣ፦ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዴት መወሰን ይገባል?

አዋላጅ ነርሷ በስምንተኛው ወር ክትትል ሆድዎን ዳስሳ «ራሱ ወደ ላይ ነው» ካለችዎ፣ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው ነገር ለመወሰን ገና ጊዜ እንዳለዎት ነው። በ28ኛው ሳምንት ከአራት ጽንሶች አንዱ ያህል በመቀመጫው ይገኛል፤ አብዛኞቹ ግን በራሳቸው ስለሚዞሩ ወሩ ሲሞላ እንደዚያው የሚቀሩት ከመቶ ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው። የእንግዴ ልጅ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ የማህፀን ቅርጽ ወይም የሽርት ውሃ መብዛትና ማነስ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም ምክንያት አይገኝም። ስለዚህ «ምን አድርጌ ይሆን» ብለው ራስዎን አይውቀሱ፤ ዘመድ ሲወቅስዎም አይቀበሉ።

በ36ኛው ሳምንት አካባቢ አልትራሳውንድ ይነሡ። ውጤቱን ሲሰሙ «በመቀመጫው ነው» በሚለው ብቻ ረክተው አይውጡ፤ እግሮቹ ወደ ላይ ተዘርግተው ነው ወይስ ታጥፈው፣ ወይስ እግሩ ቀድሞ ነው፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሷል ወይ፣ የእንግዴ ልጁ የት ነው፣ ክብደቱ ስንት ይገመታል ብለው ይጠይቁ፤ ቀጣዩ ውሳኔ ሁሉ የሚቆመው በእነዚህ መልሶች ላይ ነውና። የመጨረሻ የወር አበባዎን የሚያስታውሱት በበዓል ከሆነ፣ ለምሳሌ «ከጥምቀት ማግስት» ብለው ከሆነ፣ እንዲሁ ይናገሩ፤ ቀኑን አስልቶ ሳምንቱን ማወቅ ይቻላል።

ወደ ልምድ አዋላጅ ሄዶ ሆድን ማሳሸት በአካባቢያችን የቆየ ነገር ነው፤ የሚያሹትም እናቶች በቅንነት ነው የሚያደርጉት። ነገር ግን የእንግዴ ልጁ ያለበትን ሳያዩና የጽንሱን የልብ ምት ሳይከታተሉ ሆድን መጫን የእንግዴ ልጁን ሊያላቅቅና ደም ሊያፈስ ስለሚችል፣ እባክዎ ይህን አያድርጉ። ሐኪም ከ36ኛው ወይም ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ጽንሱን ከውጭ በእጁ የሚያዞርበት ሕክምና ከዚህ የተለየ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን ማህፀኑን የሚያላላ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ አልትራሳውንድ እየታየና የልብ ምቱ እየተለካ፣ ቀዶ ጥገና ወዲያው ሊደረግ በሚችልበት ቦታ ይከናወናል። ግማሽ ያህሉ ይሳካል፣ ቀደም ብለው ለወለዱ እናቶች ደግሞ ዕድሉ ይጨምራል። ደምዎ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ማለትም እንደ «ኦ ኔጌቲቭ» ያለ የደም ዓይነት ካለዎት፣ አስቀድመው ይንገሩ፤ መርፌ ያስፈልግዎታል። መንታ ለያዘች ወይም በቅርቡ ለደማች እናት ግን አይደረግም።

ሕፃኑ ካልዞረ ምርጫው ሁለት ነው፦ በታቀደ ኦፕራሲዮን ወይም በምጥ መውለድ። በምጥ ሲወለድ ትልቁ የሰውነት ክፍል፣ ማለትም ራሱ፣ በመጨረሻ ስለሚወጣ ሊያዝ ይችላል፤ እግሩ ቀድሞ የመጣ ከሆነ ደግሞ እትብቱ ቀድሞ የመውጣት አደጋው ይበዛል። የእንግሊዝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ እንደተገለጸው፣ ከ39ኛው ሳምንት በኋላ በታቀደ ኦፕራሲዮን ከ2,000 ሕፃናት አንድ፣ በታቀደ የምጥ ወሊድ ደግሞ ከ1,000 ሁለት ያህል ይሞታሉ። ቁጥሮቹ የዚያ አገር ቢሆኑም፣ በመቀመጫ የሚመጣን ሕፃን የማዋለድ ልምድ ያለው ባለሙያ በሌለበት ልዩነቱ እንደሚሰፋ መገመት አያስቸግርም። በሌላ በኩል የኦፕራሲዮን ጠባሳ የሚቀጥሉትን እርግዝናዎች ይነካል፤ ማህፀን የመቀደድና የእንግዴ ልጅ ተጣብቆ የመቅረት አደጋን ያመጣል፤ ገና ብዙ ልጅ ለምትፈልግ እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእኔ አስተያየት እግሩ ቀድሞ ከሆነ፣ አንገቱ ከተቀለበሰ፣ ግምቱ ከ3.8 ኪሎ ካለፈ ወይም ልምድ ያለው ሰው ሌት ተቀን መኖሩ ካልተረጋገጠ፣ ኦፕራሲዮኑን መምረጥ ይሻላል።

መንገዱም የውሳኔው አካል ነው። በጎንደር ከተማ ማራኪ ወይም አዘዞ ለሚኖር ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደባርቅ፣ ወይም ከዚያ አልፎ ካሉት ቀበሌዎች ለሚመጣ ግን ምጥ ከጀመረ በኋላ መጓዝ አይመከርም። ስለዚህ ወሩ ሲገባ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ወይም በጤና ተቋም የእናቶች ማቆያ ይረፉ፤ ከባለቤትዎና ከአማትዎ ጋርም አስቀድመው ተነጋግረው፣ ደም የሚሰጥ ሰውና ቤት የሚጠብቅ ሰው ይወስኑ። ሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ወዲያው ይሂዱ። እትብት ከወጣ በጉልበትና በደረት ተንበርክከው መቀመጫዎን ከፍ አድርገው አምቡላንስ ይጥሩ፤ እትብቱንም አይንኩት።

ልጁ በየትኛውም መንገድ ቢወለድ፣ በመቀመጫ የመጡ ሕፃናት የዳሌ መገጣጠሚያቸው የላላ ሊሆን ስለሚችል በስድስት ሳምንቱ ዳሌው በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይጠይቁ። እግሮቹን አቃንቶ አጥብቆ መጠቅለል ዳሌውን ይጎዳል፤ በአንቀልባ ሲያዝሉት ግን እግሮቹ በጀርባዎ ግራና ቀኝ ተከፍተው ስለሚያርፉ ለዳሌው መልካም ነው።