ጎንደር ላይ ተገጣጣሚ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ሊርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ያማረረው ሰው ዓይኑን ወደ ተገጣጣሚ ቤት ቢጥል አይፈረድበትም። ግድግዳውና ጣሪያው ፋብሪካ ውስጥ ተቆርጦ ይመጣል፤ ቦታው ላይ የሚቀረው መግጠም ነው። ጊዜ ይቆጥባል፤ የሚባክነው ዕቃም ትንሽ ነው። ግን ፋብሪካው ጎንደርን አያውቃትም። አፈሯን፣ ክረምቷንና ጠባብ መንገዷን ማወቅ ያለባቸው ባለቤቱና መሐንዲሱ ናቸው። የብሎኬት ግድግዳ ቢሳሳት ግንበኛው አፍርሶ ያስተካክለዋል። አጥሮ የተቆረጠ ፓነል (ፋብሪካው ቆርጦ የሚልከው የግድግዳ ወይም የጣሪያ ሰሌዳ) ግን አይረዝምም። ስለዚህ ስህተቱን ከትዕዛዙ በፊት መያዝ ነው።

«ቀላል ቤት ስለሆነ ቀላል መሠረት ይበቃዋል»

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ከአዘዞ ወደ ደንቢያ ሜዳ ስትወርዱ ብዙው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ላይ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከባድ ሕንፃ እብጠቱን በክብደቱ ይጫነዋል። ቀላል ቤት ይህን አቅም የለውም፤ አፈሩ ሽቅብ ይገፋዋል። ከዚያ በሩ አልዘጋ ይላል፣ የፓነሎቹ መገጣጠሚያ ይከፈታል፣ ዝናብ ይገባል።

ስለዚህ ዲዛይን ከመሠራቱ በፊት የአፈር ምርመራ ይደረግ። ዋልካው ስስ ከሆነ ጠንካራው እስኪገኝ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ቦታው በሰሌክት (በተመረጠ የሙሌት አፈር) ይሞላና በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ ይስተካከላል። ጥልቅ ከሆነ መሐንዲሱ ለዚያ አፈር የሚሆን መሠረት ይንደፍ። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይተኛ መውረጃ ይኑረው። ባህር ዛፍም አጠገቡ አትትከሉ፤ አፈሩን እየመጠጠ ያደርቀውና መሠረቱን ያናጋዋል።

ኮረብታው ላይ፣ ዓለቱ ቅርብ በሆነበት ሰፈር፣ የዋልካ ጣጣ ይቀላል። እዚያ ፈተናው ተዳፋቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎንደር ከነገሥታቱ ግንብ ጀምሮ የተሠራችው በራሷ ድንጋይ ነው። ቤቱ ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል በዚህ ድንጋይ ከፍ ቢል ፓነሉ ከሚረጨው የዝናብ ውሃ ይድናል። ድንጋዩ እዚሁ ያለ ነው፤ ቤቱን ዘላቂ የሚያደርገውም እንዲህ ያለው ምርጫ ነው።

መሠረቱን በግምት መጣል

ብሎኬት ላይ የሁለት ሴንቲ ሜትር ስህተት በልስን ይሸፈናል። እዚህ አይሸፈንም። ምሰሶውን ከመሠረቱ ጋር የሚያስረው፣ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበረው አንከር ቦልት ከቦታው ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሸሸ የብረት ምሰሶው ቀዳዳ አይገባለትም። ያኔ ሠራተኛው ቀዳዳውን በእሳት ያሰፋል። እሳቱ የነካው ቦታ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ቅብ ይቃጠላል፣ ዝገትም ከዚያች ቀዳዳ ይጀምራል።

መፈተሻው ቀላል ነው። መሠረቱ 8 ሜትር በ6 ሜትር ከሆነ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን፣ በሁለቱም በኩል ሲለካ፣ ልክ 10 ሜትር መምጣት አለበት። ከፍታውን ውሃ በሞላ ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ዙሪያውን አስለኩ። ከተቻለ ፓነሉ የሚቆረጠው ኮንክሪቱ ደርቆ ከተለካ በኋላ ይሁን።

ክረምቱን መርሳት

የመሠረት ሥራ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይለቅ። ሰኔ ከገባ በኋላ የተቆፈረ ዋልካ ጭቃ ነው። ፓነሉ ቀድሞ ከመጣ መሬት ላይ አይተኛ፤ እንጨት ይነጠፍለትና ይሸፈን። በተለይ አግሮስቶን የሚባለውን የግድግዳ ሰሌዳ ከመረጣችሁ ውጭ አታሳድሩት፤ እርጥበት አይወድም። የጣሪያውን ክፈፍ ለማሳጠርም አትሞክሩ፤ ዝናቡን ከግድግዳው የሚያርቀው እሱ ነው።

ውሃውንም አትጣሉት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር የጣለ ቀን 80 ካሬ ጣሪያ 1,600 ሊትር ገደማ ይሰጣል። የአንገረብ ግድብ በደለል በሚቸገርበትና የቧንቧ ውሃ በሚናፈቅበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሸንዳውና የሮቶው መቀመጫ ከመጀመሪያው ዲዛይኑ ላይ ይግቡ። የሞላ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ቶን ስለሆነ የራሱ መሠረት ያስፈልገዋል።

የከሰሉንና የምጣዱን ነገር ሳያስቡ መንደፍ

ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሕይወት ጉዳይ ነውና። የድሮው ቤት በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል አየር ያሳልፋል። በደንብ የተገጠመ የፓነል ቤት አያሳልፍም። በር ዘግቶ ቡና በከሰል ማፍላት፣ ለብርዱ ብሎ ምድጃ አስገብቶ መተኛት እዚህ ቤት ውስጥ ገዳይ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። ስለዚህ ሁለት ትይዩ መስኮት፣ ከኮርኒሱ ሥር የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ፣ ለከሰልም ጣሪያ ያለው ክፍት በረንዳ ይኑር። እንግዳም ይመጣል፤ በረንዳው ሰፋ ይበል።

ሁለተኛው አደጋ የፓነሉ ሆድ፣ ማለትም ውስጡ የሚሞላው ነገር ነው። ነጩ ፎም እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ፎሙ የትም ቦታ ተገልጦ መታየት የለበትም። ለማዕድ ቤቱ በሮክውል (ከድንጋይ በተሠራ፣ በማይነድ ሱፍ) የተሞላ ፓነል ወይም የድንጋይ ግድግዳ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ የራሱ መስመርና ማቋረጫ ይኑረው። መስመሩ የሚያልፍበት ቱቦም ፓነሉ ሳይመረት ይወሰን። ከተገጠመ በኋላ ግድግዳውን መቦርቦር ቤቱን ያዳክመዋል።

ሙቀትና ብርድ

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በበጋ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ፓነል ሙቀት ያግዳል እንጂ አያጠራቅምም። ወለሉ ኮንክሪት፣ አንድ የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ድንጋይ ቢሆን የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያሉ። ትልልቅ መስኮት ወደ ምዕራብ አታድርጉ። የፀሐይ ፓነል ካሰባችሁ ጣሪያው ወደ ደቡብ ያዘንብል፤ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል።

መንገዱን ሳይለኩ ማዘዝ

ዕቃው ከአዲስ አበባ ከመጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የሚቸገረው ግን መጨረሻው ላይ፣ ሰፈር ውስጥ ነው። የመንገዱን ስፋት፣ የመታጠፊያውን ማዕዘንና የመብራት ሽቦውን ከፍታ ለኩ። ተሳቢ የማይገባበት ሰፈር ሙሉ ክፍል ከማዘዝ አራት ሰው የሚሸከመው ፓነል ይሻላል። ፈቃዱንም ከክፍያ በፊት ጨርሱ፤ ቦታው ፋሲል ግቢ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ስለ ቅርስ ጥበቃው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ርክክብ ላይ ቁልፍ ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ሁለት ትርፍ ፓነል፣ የመስኮትና የመገጣጠሚያ ላስቲክ፣ የሽቦና የቧንቧ መስመር የተሳለበት ወረቀት ጠይቁ። ይህ ሁሉ ውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።