ትኋን ሲነክስ ምን እናድርግ? ከሚያሳክክ ቆዳ እስከ ሰላማዊ እንቅልፍ

ክንዴ ላይ ሦስት እብጠቶች በአንድ መስመር ተደርድረው አየሁ። ቢምቢ መስሎኝ ፍሊት ነፍቼ ተኛሁ። በነጋታው አምስት ሆኑ። በአራተኛው ቀን ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ማሳከኩ ቀሰቀሰኝና የስልኬን መብራት ፍራሹ ስፌት ላይ አበራሁ። ድፍን ምስር የሚያህል ነገር እየተንቀሳቀሰ ነበር። ሆዱ ተነፍቶ ጠቁሯል። ስጨፈልቀው ጣቴ በደም ራሰ። የራሴ ደም ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ትኋን ብዙ አንብቤያለሁ፤ የጤና ባለሙያዎችንም ጠይቄያለሁ። ከሁሉም አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። ንክሻው ራሱ ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ ጊዜ የባሰው ጉዳት የሚመጣው በጥፍራችንና ትኋኑን ለመግደል በምንረጨው መርዝ ነው። ቅደም ተከተሉን የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

1. መጀመሪያ ትኋን መሆኑን አረጋግጡ

ትኋን የሚነክሰው ስንተኛ የተገለጠውን አካል ነው። ፊት፣ አንገት፣ ክንድ፣ እጅ። ብዙ ጊዜ እብጠቶቹ ተደርድረው ወይም ተሰባስበው ይታያሉ። ቁንጫ ግን እግርና ቁርጭምጭሚት ይወዳል። እከክ ከሆነ ደግሞ በጣቶች መሀል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ያሳክካል፤ ከአንዱ የቤተሰብ አባል ወደ ሌላውም ይዛመታል። እከክ የራሱ መድኃኒት ስላለው ሐኪም ይየው።

ቆዳን ብቻ አይቶ "ይህ ትኋን ነው" ብሎ መማል ለሐኪምም ይከብዳል። ማስረጃው አልጋው ላይ ነው። የፍራሹን ስፌት ገለጥ አድርጉ። በእስክሪብቶ የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ካለ በእርጥብ ጨርቅ አሹት። ከተሰራጨና ወደ ቡናማ ቀይ ካደላ የትኋን ኩስ ነው። አንሶላ ላይ ትንንሽ የደም ጠብታ፣ በአልጋው መገጣጠሚያ ውስጥም የተገፈፈ ስስ ቅርፊት ፈልጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅ። ልብስ ስፌት ውስጥ የምታገኙት ተባይ ቅማል ሊሆን ይችላል፤ ቅማል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በአገራችን የሚታወቀውን ግርሻ፣ ማለትም የሚያገረሽ ትኩሳት፣ እንዲሁም ተስቦን የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ስለዚህ ከንክሻ ጋር ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ከባድ ራስ ምታት ከመጣ "ትኋን ነው" ብላችሁ አትቀመጡ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

2. ለምን እንደሚያሳክክ እወቁ

ትኋን ደም ሲመጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል። እኛ አይሰማንም። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ምራቅ ከቆዳችን ስር ያስገባል። የሚያሳክከን ሰውነታችን ያንን ምራቅ ሲቃወም ነው።

ለዚህም ነው ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አንዷ ስታክ ስታድር ሌላው ምንም ምልክት የሌለው። እሱም ተነክሷል፤ ሰውነቱ ግን አልተቆጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተነከሰ ሰው ደግሞ እብጠቱ የሚታይበት ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ እስከ 14 ቀን ይቆያል። ትናንት ያደራችሁበትን ቤት ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን አስቡ።

በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ እብጠቱ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል። ሲድን ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል፤ ነጥቡም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በታከከ ቁጥር ደግሞ ይጠቁራል።

3. ቆዳውን አስታግሱ

ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ያዙበት። ለብዙ ሰው ይህ ብቻ ይበቃዋል። ካልተዋችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ ካላሚን ሎሽን ወይም 1 ፐርሰንት ሃይድሮኮርቲሶን ቅባት ጠይቁ። ሌሊት እንቅልፍ ከነሳችሁ እንደ ሴትሪዚን ያለ የአለርጂ መድኃኒት ይረዳል። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሰጥ።

ጥፍር ቁረጡ። የልጆችን ጥፍር በተለይ። ቆዳው ሲቦጨቅ ባክቴሪያ ይገባል፤ እብጠቱ ይመግላል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። የተቦጨቀ ቆዳን የባሰ ያቃጥላሉ።

ቦታው ከሞቀ፣ ሕመሙ ከጨመረ፣ መግል ከያዘ፣ ውሃ የቋጠረ ትልቅ እብጠት ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚዞረው ጥያቄም አለ። ትኋን ደም ይመጥጣል፤ ታዲያ ኤች አይ ቪ ወይም የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል ወይ? ትኋን በንክሻው በሽታ ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ የተረጋገጠ ነገር የለም። በዚህ አትጨነቁ። ቤቱ ለረጅም ጊዜ በትኋን ከተወረረ ግን ደም ማነስ ያጋጠማቸው ሰዎች አሉ። ልጁ ከገረጣና ከደከመው ደሙ ይታይ።

4. መርዙን ከአልጋው አርቁ

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ።

አንዲት ጎረቤቴ ትኋን ሲያስመርራት ለእርሻ የሚሸጥ መላታይን ገዛች። ፍራሹ ላይ ረጨችው፤ መስኮቱን ዘጋች፤ ማታ የሦስት ዓመት ልጇን እዚያው አስተኛች። ሌሊት ልጁ ያስመልሰው ጀመር። ለሃጩ አልቆም አለ፤ ዓይኑም ያነባል። ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ። እሷ እስከ ዛሬ ስታወራው ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ክፋት አልነበረባትም። ልጇ እንዲተኛላት ፈልጋ ነው።

የእርሻ መድኃኒት ለመኝታ ቤት አልተሠራም። በትንፋሽም በቆዳም ይገባል። ለሃጭና እንባ መብዛት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መርገብገብ፣ ትንፋሽ ማጠር የመመረዝ ምልክት ነው። ሰውየውን ወዲያው አየር ወዳለበት አውጡ። የነካውን ልብስ አውልቃችሁ ገላውን በሳሙና እጠቡ፤ ስትነኩት እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ። በግድ እንዲያስመልስ አታድርጉ። የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ነጭ ጋዝ መቀባትም ይቅር፤ ቤት ያቃጥላል።

ደግሞም ትኋን መርዝን ይለምዳል። ዲዲቲን የሚቋቋሙ ትኋኖች ሃዋይ ውስጥ የታዩት በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በብዙ አገር የቤት ፍሊት የማይገድላቸው ትኋኖች አሉ።

5. በሙቀት ግደሉት

ሙቀትን ግን አይችልም። 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞታል፤ እንቁላሉም አይተርፍም። አንሶላ፣ ትራስ ልብስ፣ ጋቢ ሁሉ ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ከክፍሉ አውጡ። 60 ዲግሪ በሚሆን ውሃ እጠቡ። ማሽን ከሌለ ጨርቁ የሚችል ከሆነ በፈላ ውሃ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፉት። የብረት አልጋ ከሆነ መገጣጠሚያውና ቱቦው ውስጥ የፈላ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ልጆች አጠገብ አይኑሩ። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ያግዛል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይሸሻል።

አልጋውን ከግድግዳ አርቁ። እግሮቹን የሳሙና ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። ብርድ ልብሱ ወለል አይንካ። ወደ ሳሎን ሄዳችሁ አትተኙ፤ ተከትሎ ይመጣና ሁለት ክፍል ይይዛል።

ለአከራያችሁና ለጎረቤት ንገሩ። እኔ ሁለት ሳምንት በሐፍረት ደብቄ ነበር፤ ለካ ግድግዳ የምንጋራቸው ሰዎችም ሲያክኩ ነበር። ትኋን ንጹሕ ቤትም ይገባል። በሻንጣ፣ በተገዛ አሮጌ ሶፋ፣ በእንግዳ ጋቢ ይመጣል።

እንቁላሉ የሚፈለፈለው ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በ14ኛው ቀን እጥበቱንም የፈላውን ውሃም ድገሙ። የዚያን ዕለት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዛችሁ ስፌቱን እንደገና እዩ። አንድም ካገኛችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማችሁ ታጥባላችሁ። እኔ በሦስተኛው ዙር ነው ባዶ ስፌት ያየሁት።