የጃፓንኛ ቃላትን ከነአረፍተ ነገራቸው መያዝ

ጃፓንኛ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል፣ "1000 በብዛት የሚያገለግሉ ቃላት" የሚል ዝርዝር ዳውንሎድ ያደርግና በግራ ጃፓንኛ በቀኝ እንግሊዝኛ እያየ ሽምደዳ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ዝርዝሩን ጥያቄ ብትጠይቁት ይመልሳል፣ ግን አንድ ጃፓናዊ ፊቱ ቆሞ ሲያወራው አንዱም ቃል አይመጣለትም፣ ቢመጣለትም ከምን ጋር እንደሚሄድ አያውቅም። ስለዚ ቃሉን ብቻውን አትያዙት፣ ባጭር አረፍተ ነገር ያዙት፣ ትርጉሙን ደሞ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ ጻፉት። ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው "አፑ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምን አደከመኝ" ስለሚል ከሱ ልጀምር።

እንግሊዝኛና ጃፓንኛ የአረፍተ ነገር አሰራራቸው ተገላቢጦሽ ነው። አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ጃፓንኛም እንደዛው። "ኪኖኦ ካትታ ሆን" ማለት "ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ" ነው፣ ቃል በቃል ቁጠሩት፣ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። "አሳ ኦኪቴ፣ ጎሃን ኦ ታቤቴ፣ ጋክኮኦ ኤ ኢትታ" ደሞ "ጠዋት ተነስቼ፣ ምግብ በልቼ፣ ትምህርት ቤት ሄድኩ"። ያቺ መጨረሻዋ "ቴ" የሆነች የግስ አይነት የውጭ ተማሪዎችን ፍዳ የምታበላ ናት፣ እኛ ግን "ተነስቼ፣ በልቼ፣ አይቼ" እያልን ነው ያደግነው። እንደውም "ሱሺ ኦ ታቤቴ ሚታ" ሲሉ "ሚታ" ማለት "አየሁ" ነው፣ "ሱሺ ቀምሼ አየሁ"። በአማርኛም ሞከርኩት ለማለት እንደዛው "አየሁ" ነው የምንለው። "ኒሆንጎ ጋ ዋካሩ" ደሞ "ጃፓንኛ ይገባኛል" ነው፣ የሚገባው ነገር ራሱ ባለቤት ሆኖ። በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ (ካርድ የምለው ከፊት ጃፓንኛው ከጀርባ ትርጉሙ ያለበትን የመሸምደጃ ካርድ ነው) ይሄ ሁሉ "ልዩ ህግ" ተብሎ ይብራራላችኋል፣ በአማርኛ ስትጽፉት ግን ምንም ማብራሪያ አይፈልግም።

ወደ ካርድ ከመሄዳችሁ በፊት ሂራጋና የሚባለውን የጃፓንኛ ፊደል ጨርሱ። መሰረታዊዎቹ 46 ናቸው፣ ፊደል ገበታ ላይ "ካ ኪ ኩ" ብሎ ላደገ ሰው አያስፈራም። በአማርኛ ፊደል እየጻፉ መቀጠል ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፣ "ዋና" ብላችሁ ጽፋችሁ የውሃ ዋና ይሁን ዋናው ነገር አንባቢው ነው የሚገምተው። ጃፓንኛ ላይ "ኪቴ" ላልቶ "ና" ነው፣ ጠብቆ "ኪትቴ" ቴምብር ነው። "ኦባሳን" አክስት፣ "ኦባኣሳን" አያት። "ቢሩ" ፎቅ፣ "ቢኢሩ" ቢራ። እዚ ጽሁፍ ላይ የሚጠብቀውን ፊደሉን ደግሜ፣ የሚረዝመውን አናባቢ ጨምሬ እየጻፍኩ ነው፣ ካርዳችሁ ላይ ግን ሂራጋና ይሁን። ማጥበቁ ላይ እኛ ጆሯችን ስለለመደው ችግር የለብንም፣ የሚያዳግተው የድምጽ ማርዘሙ ነው፣ ስለዚ ኦዲዮ የሌለው ካርድ አትስሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድ ካርድ፣ አንድ አረፍተ ነገር፣ አንድ ብቻ የማታውቁት ቃል። ሁለት የማታውቁት ካለበት ለጊዜው ተዉት። አረፍተ ነገሩ ባጠረ ቁጥር ይሻላል፣ አምስት ስድስት ቃል በቂ ነው፣ ዋናው ቃሉ ከጓደኞቹ ጋር መታየቱ ነው። ለምሳሌ "መልበስ" ብላችሁ ዲክሽነሪ ብትከፍቱ "ኪሩ" ይላችኋል፣ ትሸመድዱታላችሁ፣ ከዛ "ጫማ ኪሩ" ትላላችሁ፣ ሰውየው ፈገግ ይላል። ነገርየው እንዲህ ነው፣ ሸሚዝ ከሆነ "ሻትሱ ኦ ኪሩ"፣ ከወገብ በታች የሆነ ሁሉ ሱሪም ጫማም ካልሲም "ሃኩ" ነው፣ "ዙቦን ኦ ሃኩ፣ ኩትሱ ኦ ሃኩ"። ኮፍያ ራስ ላይ ስለሚደፋ "ቦኦሺ ኦ ካቡሩ"፣ መነጽር ደሞ "ሜጋኔ ኦ ካኬሩ"። ስታወልቁ ሸሚዙም ጫማውም ኮፍያውም ባንድ ግስ "ኑጉ" ይሆንና መነጽር ብቻ "ሃዙሱ" ብሎ ይወጣል። ይሄን በሰንጠረዥ ብትይዙት በሳምንቱ ይምታታባችኋል። አራት አጫጭር አረፍተ ነገር አድርጋችሁ፣ አንደኛውን "ጌንካን ዴ ኩትሱ ኦ ኑጉ" ብትሉት፣ ጌንካን ማለት ጫማ የሚወለቅባት የቤቱ መግቢያ ናት፣ ጃፓን ሰው ቤት የሄደ ሁሉ የሚያደርጋት ነገር ስለሆነች አትጠፋም።

ሌላው ከቃሉ ጋር አብረው መያዝ ያለባቸው እነዛ ትንንሾቹ "ኦ፣ ኒ፣ ዴ፣ ጋ" የሚባሉት ናቸው። "ኦ" ብዙ ጊዜ የኛን "ን" ትመስላለች፣ "ሆን ኦ ዮሙ" መጽሐፉን ያነባል። እዚ ጋ ነው አማርኛ የሚያታልለን፣ "ጓደኛዬን አገኘሁ" ስለምንል "ቶሞዳቺ ኦ" ልንል እንቸኩላለን፣ ትክክሉ "ቶሞዳቺ ኒ አትታ" ነው። አውቶቡስ መሳፈርም "ባሱ ኒ ኖሩ" ነው። ስለዚ "ኖሩ" የሚል ካርድ አይኑራችሁ፣ "ባሱ ኒ ኖሩ" የሚል ይኑራችሁ። ቶኪዮ እኖራለሁ "ቶኦኪዮኦ ኒ ሱንዴ ኢሩ"፣ ቶኪዮ እሰራለሁ "ቶኦኪዮኦ ዴ ሃታራይቴ ኢሩ"። አንዱ "ኒ" አንዱ "ዴ"፣ እኛ ጋ ልዩነት የለውም፣ ህጉን ከማጥናት ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ጮክ ብሎ መደጋገም ነው የሚሻለው። "አለ" ላይም እንደዛው፣ ነፍስ ያለው "ኔኮ ጋ ኢሩ" ድመት አለ፣ ነፍስ የሌለው "ሆን ጋ አሩ" መጽሐፍ አለ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። "ኩጂ ኒ ሃጂማሩ" የሚለውን በአማርኛ "3 ሰዓት ይጀምራል" ብላችሁ ከጻፋችሁ "ኩ" 9 መሆኑ ይጠፋና ከ"ሳንጂ" ("ሳን" 3 ነው) ጋር ይደባለቅባችኋል። የሰዓት ካርድ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ።

አረፍተ ነገሩ ከየት ይመጣል? በጣም የሚታወቀው ታቶኤባ ነው፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት ነጻ ስብስብ፣ ጂሾ የሚባለው ኦንላይን ዲክሽነሪ ላይ የምታዩዋቸው ብዙዎቹ ምሳሌዎችም ከዛ ነው የሚመጡት። ጥሩ ነው ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት፣ የጃፓንኛው ትልቁ ክፍል ታናካ ኮርፐስ ከሚባል ተማሪዎች ከሰበሰቡት ክምችት ስለመጣ ስህተትም አለው፣ አፍ ላይ የማይሰማ አነጋገርም አለው። በየመስመሩ "ካሬ ዋ፣ ካኖጆ ዋ፣ አናታ ዋ" እያለ እሱ፣ እሷ፣ አንተ የሚደጋግም አረፍተ ነገር ካያችሁ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ሊሆን ስለሚችል እለፉት፣ ጃፓኖች የሚታወቀውን ባለቤት ይተዉታል፣ እኛስ "እኔ በላሁ እኔ ጠጣሁ" እያልን ነው እንዴ የምናወራው። ለጀማሪ የኔ ምርጫ ጃፓን ፋውንዴሽን ያወጣው ኢሮዶሪ ነው፣ ፒዲኤፉም ኦዲዮውም በነጻ ይወርዳል፣ ለኑሮና ለስራ የተዘጋጀ ስለሆነ ሱቅ፣ ሃኪም ቤት፣ ምናምን ነው። በስኮላርሺፕ ወይ በስራ ለምትሄዱ ከዚ የሚቀርብ የለም።

አንድ ነገር ደሞ፣ ምሳሌው "ታቤሩ" ይላል ወይስ "ታቤማሱ"? የመጀመሪያው ለጓደኛ፣ ሁለተኛው ለማታውቁት ሰው። ከኛ "አንቱ"ና "እሳቸው" ጋር አታመሳስሉት፣ እኛ የምናከብረው አረፍተ ነገሩ ውስጥ የተጠራውን ሰው ነው፣ "ማሱ" ግን የሚያከብረው የሚሰማችሁን ነው፣ ስለ ውሻም "ኢኑ ጋ ኢማሱ" ይባላል። መጀመሪያ "ማሱ" ያለበትን ያዙ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያወራ ሰው እሱን ነው የሚፈልገው።

ካርዱን አንኪ የሚባለው የመሸምደጃ ካርድ አፕ ላይ ስሩት፣ ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው፣ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። ከፊት ጃፓንኛውን አረፍተ ነገር፣ ከጀርባ ኦዲዮውንና የአማርኛ ትርጉሙን። ሲከፈት በቀን 20 አዲስ ካርድ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ለስራ ሰው ብዙ ነው፣ ወደ 7 አውርዱት፣ ምክንያቱም ዛሬ ያስገባችሁት ነገ ድጋሚ ይመጣል፣ እሱ ሲጠራቀም ነው ሰው አፑን የሚያጠፋው። ካርዱ ሲመጣ አንብባችሁ አትለፉ፣ አንድ ቃል ቀይራችሁ የራሳችሁን በሉ። "ባሱ ኒ ኖሩ" ከመጣ "ዴንሻ ኒ ኖሩ" (ዴንሻ ባቡር ነው)፣ "ታኩሺኢ ኒ ኖትታ"። እቺ አስር ሰከንድ ናት የምትፈጀው።

ሁሌ የምትስቱት ካርድ ደሞ ይኖራል፣ አንኪ 8 ጊዜ ከረሳችሁት ራሱ ምልክት ያደርግበታል ወይም ያግደዋል፣ እንደ ሴቲንጋችሁ። ያን ጊዜ ካርዱን መልሳችሁ አትክፈቱት፣ አጥፉትና ለዛው ቃል ሌላ አረፍተ ነገር ፈልጉለት፣ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ቃሉ ሳይሆን የተቀመጠበት አረፍተ ነገር ነው።