የዲኤክስ7ን ድምፅ በስልክ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያማሃ ዲኤክስ7 የተባለው ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ በእጅ ተሸክመውት የማይዘልቁት ዕቃ ነበር። ዛሬ ድምፁን የሚፈጥርበት ስሌት በአፕ መልክ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በታክሲ ስትሄዱ ጭናችሁ ላይ ይሠራል። ስልክ ስለሆነ ደግሞ አትናቁት። ብዙ ሰው በኮምፒውተር የሚጠቀምበት ዴክስድ የተባለ ነፃ ሲንተሳይዘር እንኳ የድምፅ ሞተሩ የመጣው ለአንድሮይድ ተብሎ ከተጻፈ ኮድ ነው። ድምፁ አልመሳሰል ሲል ታዲያ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአፑ ሳይሆን የአጠቃቀሙ ነው።

ፊልተር መፈለግ

አናሎግ ሲንተሳይዘር የለመደ ሰው አፑን ሲከፍት ዓይኑ ፊልተር (የድምፁን ከፊል ቆርጦ የሚያለዝበውን ክፍል) ይፈልጋል። ዲኤክስ7 ፊልተር የለውም። ያለው ኦፕሬተር የሚባል 6 ድምፅ አመንጪ ነው፤ እያንዳንዱም ሳይን ዌቭ፣ ማለትም አንድ ንጹሕ ድምፅ ብቻ ያወጣል። አንዱ የሌላውን ፍሪኩዌንሲ በፍጥነት ሲያንቀጠቅጠው ቀድሞ ያልነበሩ ድምፆች ይፈጠራሉ። ጆን ቾውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1967 የደረሰበት ነገር ይኸው ነው። የሚሰማው ኦፕሬተር ካሪየር ይባላል፤ የሚያንቀጠቅጠው ሞዱሌተር። ድምፁ እንዲደምቅ ከፈለጋችሁ የሞዱሌተሩን ሌቭል ጨምሩ፣ እንዲለዝብ ከፈለጋችሁ ቀንሱ። የፊልተሩን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ይህን ከያዛችሁ ክራር የሚመስል ድምፅ መሥራት ይቻላል። አንድ ካሪየርና አንድ ሞዱሌተር ይበቃሉ። ሬሾው፣ ማለትም የካሪየሩና የሞዱሌተሩ ፍሪኩዌንሲ ምጣኔ፣ ሙሉ ቁጥር ይሁን፤ 1 ለ 1 ወይም 1 ለ 3። የሞዱሌተሩ ኢንቨሎፕ (ሌቭሉ ከጊዜ ጋር የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ) ከካሪየሩ ቀድሞ ይውረድ። ጣት ክሩን ሲነካ የሚሰማው ስለት ይመጣና ወዲያው ይለዝባል። ሬሾውን 1 ለ 3.5 ካደረጋችሁት ግን ክራሩ ደወል ይሆንባችኋል።

የጣትን ጉልበት መዘንጋት

ትልቁ ስህተት ይሄኛው ነው። ዲኤክስ7 ላይ ቁልፉን ጠንከር አድርጎ መምታት ድምፁን ከፍ ብቻ አያደርገውም፤ ጸባዩን ይለውጠዋል። ታዋቂው የዲኤክስ7 የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ፣ ኢ.ፒያኖ 1፣ የተሠራው በሦስት ጥንድ ኦፕሬተሮች ነው። ከነሱ በአንዱ የሞዱሌተሩ ሬሾ 14 ነው። ያቺ “ቲን” የምትለው የብረት ድምፅ የምትመጣው ከሱ ነው። በለሆሳስ ስትነኩት ይደበቃል፣ ጠንከር ስትሉ ብቅ ይላል። የስልክ መስታወት ደግሞ ጉልበት አይለካም። ሁሉም ኖታ እኩል ይወጣል፤ ሰሚውም “ፕላስቲክ ነው” ብሎ ይተወዋል።

ለእኛ ሙዚቃ ጉዳቱ ይብሳል። በትዝታም በአምባሰልም ብዙ ጊዜ ዜማው አንድ መስመር ነው። ኮርድ አይሸፍነውም፤ እያንዳንዱ ኖታ ራቁቱን ይሰማል። ጣታችሁ ካልተናገረ ሌላ የሚናገር የለም።

አንዳንድ አፕ ቁልፉን ከላይ ወይም ከታች በመንካት ጉልበቱን እንድታስመስሉ ያደርጋል፤ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት። የሚሻለው ግን ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ (የተጫናችሁትን ቁልፍና ጉልበቱን ለአፑ የሚነግር) በኦቲጂ ኬብል (የዩኤስቢ ዕቃን ከስልክ በሚያገናኘው) ማገናኘት ነው። ባለ 25 ቁልፉ ይበቃል። ኦቲጂ ከሴቲንግ ካልተከፈተ ኪቦርዱን የማያዩ ስልኮች አሉ። ተበላሸ ብላችሁ ለመመለስ ፒያሳ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት እሱን እዩ።

በስልኩ ስፒከር መሥራት

የስልክ ስፒከር የቤዝን ታችኛውን ድምፅ አያወጣም። የሚሰማችሁ በሞዱሌተሩ የተፈጠረው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ሳታውቁት ሞዱሌተሩን ትከምራላችሁ። ያው ቤዝ ማታ በትልቅ ስፒከር ሲወጣ ጆሮ ይበሳል።

በገመድ ኢርፎን ሥሩ። ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ በዚያ ላይ ችክችካ መጫወት አይታሰብም። በ48 ኪሎኸርዝ ባፈሩ (ስልኩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመው መጠን) 256 ናሙና ቢሆን እሱ የሚጨምረው መዘግየት 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው።

የላይኛዎቹን ቁልፎች አለመፈተሽም አለ። መሀል ላይ ያማረ ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ይጮኻል። ኪቦርድ ስኬሊንግ በሚለው ቦታ የሞዱሌተሩ ሌቭል ወደ ላይ እየቀነሰ እንዲሄድ አድርጉ።

ሪቨርብ ማብዛት

ዲኤክስ7 ራሱ ኢፌክት የለውም፤ መውጫውም ሞኖ ነው። በቀረጻ የምንሰማው ስፋት ከውጭ የተጨመረ ነው። የአፑን ሪቨርብ (የማስተጋባት ኢፌክት) አጥፍታችሁ ድምፁን ሥሩ፤ ከዚያ ድምፁን የሚያሰፋውን ኮረስ ትንሽ ጨምሩ።

ባንክ ማጠራቀም

አንድ የዲኤክስ7 ባንክ (የተዘጋጁ ድምፆች ፋይል) 32 ድምፅ ይዞ 4,104 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ በሺዎች ማውረድ ቀላል ነው፤ መማር ግን ይቆማል። ሌላም ችግር አለ። ሌሎቹ የያማሃ ሲንተሳይዘሮች፣ የዲኤክስ100 ወይም የቲኤክስ81ዜድ ባንክ ባለ 4 ኦፕሬተር ስለሆነ ባለ 6 ኦፕሬተር አፕ እንዳለ አያነበውም። አንድ ባንክ ምረጡና ከውስጡ አንድ ድምፅ ክፈቱ። ኦፕሬተሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ምን እንደጎደለ ስሙ፤ ከዚያ አንዱን ሬሾ ለውጡ። የወደዳችሁትን በራሳችሁ ስም ሴቭ አድርጉት፤ ለስም የሚሰጣችሁ 10 ፊደል ነው፣ እሱም በላቲን።