በቀን የቤዝቦል ጨዋታ ጥላ ያለው ወንበር

በሐምሌ ወር ከሰዓት በኋላ በዋሽንግተኑ ናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም ቤዝቦል ለማየት ትኬት የምትቆርጡ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት አቅጣጫውን እዩ። ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታችሁ ያቺን ትንሽ ኳስ በዓይን መከተል ጭንቅ ነው፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነማ ጨዋታው ሳያልቅ ትወጣላችሁ። በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው የሜዳው ማዕዘኖች አንዱ፣ ከመቺው በስተግራ ያለው) በኩል፣ ከላይኛው ፎቅ ሥር የሚገቡትን የኋላ ረድፎች ምረጡ። የፊት ረድፎች ዋጋቸው ይወደዳል፤ ጥላው ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሳቸው።

የቤዝቦል ደንብ ከመቺው መቆሚያ ወደ ሁለተኛው ቤዝ የሚሄደው መስመር ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ እንዲያመለክት ይመክራል፤ በዚህ አቀማመጥ የምትጠልቀው ፀሐይ የመቺውን ዓይን አትወጋም። እናም ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከመቺውና ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ ስለምትሆን፣ ፎቁ ራሱ ይጋርዳችኋል።

ሁሉም ስታዲየም ግን እንዲህ አልተሠራም። የዲትሮይቱ ኮሜሪካ ፓርክ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያያል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ካርታ ላይ አረጋግጡ። ለማታ ጨዋታ ይህን ሁሉ ተዉት፤ የባለሜዳውን ቡድን የናሽናልስን ተጫዋቾች በቅርብ ለማየት ከሆነ መቀመጫቸው በአንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ከመቺው በስተቀኝ በኩል ነው።