የካቶሊክ ፊልም ከማውረዳችሁ በፊት

ባሕር ዳር ዋይፋይ ያለበት ካፌ ቁጭ ብላችሁ ስለ ካቶሊክ እምነት ፊልም ልታወርዱ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቫቲካን በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን ዝርዝር ፈልጉ። 45 ፊልሞች ናቸው፤ በሃይማኖት፣ በእሴትና በኪነ ጥበብ ተከፍለዋል። እናንተ ከሃይማኖቱ ጀምሩ። በደቡብ አሜሪካ ስለነበሩ ጀስዊቶች (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባላት) የሚተርከው «ዘ ሚሽን» እዚያ አለ። ግሩም ነው፤ ግን ዋናው ካህን አባ ገብርኤል ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ስለሆነ እንደ ታሪክ እንዳትጠቅሱት።

ዘጋቢ ፊልም ላይ ደግሞ ምን እንደተዘለለ እዩ። ለምሳሌ ስለ ጎርጎራ ጀስዊቶች የሚያወራ ፊልም አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረገውን ስፔናዊ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝን አሞካሽቶ የንጉሡን የ1632 እ.ኤ.አ. አዋጅ ካለፈ፣ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ተዋሕዶ የተመለሰችው በዚያ አዋጅ ነው፤ እንዴት ይዘለላል?

በፊልሙ የምታዩት ቅዳሴ በላቲን (በሮም) ሥርዓት ቢሆንም ግር አይበላችሁ። የእኛ አገር ካቶሊኮች በግዕዝ ሥርዓትም ይቀድሳሉ።