መኪናው «ጠቅ ጠቅ» ብሎ አልነሳ ሲላችሁ

ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ ጠቅ» ብቻ እያለ ሞተሩ ካልተነሳ፣ አዲስ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪውን ጫፎች እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ ወይም የገመዱ ማሰሪያ በእጅ ሲነካ ከተነቃነቀ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ገመዶቹን ስትፈቱ ኔጌቲቩን (የ«−» ምልክት ያለበትን ጫፍ) አስቀድሙ፤ ስትገጥሙ ግን እሱ የመጨረሻ ይሁን። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት፤ ፖዘቲቩን (የ«+» ጫፉን) የያዘ መፍቻ የመኪናውን ብረት ከነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይፈጥራል። ጓንት አድርጋችሁ፣ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፤ አድርቃችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ።

አሁንም እምቢ ካለ ባትሪውን በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ለኩት። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ጥሩ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወደ 14 ካልወጣ ደግሞ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገውን ዲናሞ አስፈትሹ።